ቅጥነቱ ከምን ላይ ተቀነሰ? ቅርጹ የተለወጠ ቀጭን ላፕቶፕ ለዕለት ሥራ እንዴት ይመዘናል

አንድ ቀጭን ላፕቶፕ ቅርጹ ተለውጦ ሲወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ውፍረቱና ስለ ቀለሙ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ያ የጎደለው ውፍረት ከምን ላይ እንደተቀነሰ ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ትርፍ ቦታ የሚባል ነገር የለም። ገላው ሁለት ሚሊሜትር ከሳሳ ከባትሪው፣ ከማቀዝቀዣው፣ ከኪቦርዱ ወይም ከገመድ መሰኪያዎቹ አንዱ ቦታ ለቋል። የለቀቀው ነገር እርስዎ በየቀኑ የሚጠቀሙበት ከሆነ ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር አይሆንዎትም። የማይጠቀሙበት ከሆነ ቅጥነቱን በነጻ አገኙት ማለት ነው።

እዚህ ለመመዘኛ የያዝነው በ2022 ቅርጹ የተለወጠውን ባለ ኤም 2 ቺፕ የአፕል ማክቡክ ኤር ነው። የቀደመው የ2020 ባለ ኤም 1 ዛሬም ገበያ ላይ አብሮት ይገኛል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል። ፈተናዎቹ ግን ለሌላውም ቀጭን ላፕቶፕ ይሠራሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ በፊት የተከፈለ ዋጋ

የመጀመሪያው ማክቡክ ኤር በጥር 2008 ሲወጣ ቀጭኑ ጫፉ 4 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ለዚያ ሲባል የዩኤስቢ መሰኪያው አንድ ብቻ ሆነ፤ ውስጡም 80 ጊጋባይት የሚይዝ፣ በደቂቃ 4,200 ዙር የሚሽከረከር ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ ገባ። ዋጋው ደግሞ 1,799 ዶላር ነበር። በጥቅምት 2010 ሁለተኛው ቅርጽ መጣ፦ ሁለት ዩኤስቢ፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ስቶሬጅ፣ ትንሹ ባለ 11 ኢንች በ999 ዶላር። ብዙ ሰው ሲይዘው የኖረው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ከባዱ ትምህርት ግን የኪቦርዱ ነው። በ2015 ባለ 12 ኢንቹ ማክቡክ ላይ የገባው፣ በ2018 ወደ ኤርም የተዛመተው የቢራቢሮ ቅርጽ ኪቦርድ ቁልፉ ሲጫኑት የሚወርደው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነበር። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቁልፉን ታስቀረዋለች፤ ወይም አንዴ ሲጫኑት ሁለት ፊደል ያወጣል። አፕል በሰኔ 2018 ነጻ የጥገና ፕሮግራም ለመክፈት ተገደደ፤ ኤር ላይ ኪቦርዱ ሙሉ በሙሉ የተለወጠው በመጋቢት 2020 ነው። ስለዚህ ከ2018 ወይም ከ2019 የሆነ ኤር በጥሩ ዋጋ ቢቀርብልዎ ይለፉት። አገራችን አቧራ አያጣትምና ይህን ያህል ጥብቅ ምክር መስጠታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌሎች አምራቾችም ከዚህ አላመለጡም። የዴል ኤክስፒኤስ 13 ፕላስ በ2022 ሲወጣ የኪቦርዱን የላይኛውን ረድፍ በሚነካ መስታወት ተክቶ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውን ጨርሶ አወጣው። ሞኒተር ላይ ሳይሆን እጅ ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው፤ ፎቶ ላይ አይታወቅም።

መጀመሪያ ወረቀቱን ያንብቡ

ከሱቁ በፊት አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። የእኛ ምሳሌ እንዲህ ይነበባል። ኤም 1 ከፊት 4.1፣ ከኋላ 16.1 ሚሊሜትር ነው፤ ኤም 2 ከዳር እስከ ዳር 11.3 ሚሊሜትር። ክብደት ከ1.29 ወደ 1.24 ኪሎ ግራም ወረደ። ሃምሳ ግራም ማለት ትከሻ የማይለየው ልዩነት ነው፤ ሻጭ “በጣም ቀላል” ቢልዎ አይቁጠሩለት። ባትሪ ከ49.9 ወደ 52.6 ዋት ሰዓት ወጣ። ስክሪን ከ13.3 ወደ 13.6 ኢንች፣ የብርሃን ጉልበቱ ከ400 ወደ 500 ኒት። የካሜራው ጥራት ከ720ፒ ወደ 1080ፒ። ሁለቱም ማራገቢያ የላቸውም። ኤም 2 በማግኔት የሚጣበቀውን የቻርጀር መሰኪያ መልሶ አመጣ፤ ሰው ገመዱን ቢጠልፈው ይላቀቃል እንጂ ላፕቶፑን ይዞት አይወድቅም። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ባትሪ አልቀነሰም፣ ኪቦርዱም አልሳሳም። ታዲያ አዲሱ የት ላይ ደከመ? ሁለት ቦታ፦ ሙቀትና በትንሹ ሞዴል ላይ ስቶሬጅ። ሁለቱንም ወረቀቱ አይነግርዎትም፤ እነሱን ራስዎ መፈተን ይኖርብዎታል።

ሱቅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት

ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ዘግተው ያስቀምጡና ክዳኑን በአንድ ጣት ይክፈቱ። የታችኛው ገላ አብሮ ከተነሳ ማጠፊያው ጠጣር ነው፤ ክዳኑ ራሱ ወደ ኋላ ከወደቀ ደግሞ ልል ነው። ቀጥለው ከፊት አንዱን ጥግ ይዘው ያንሱት። ቢንቋቋ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ያለ ጣት ቢጫን ገላው ተጣሟል ወይም ከሥር ያለው ባትሪ አብጧል። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ዕቃ ዋጋ ለመቀነሻ አይጠቀሙበት፤ ትተው ይውጡ።

ኪቦርዱን በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ጽፎ መተው ለእኛ አይበቃም። አማርኛ ስንጽፍ ለአንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንመታለን፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። አንድ ገጽ አማርኛ ከአንድ ገጽ እንግሊዝኛ የበለጠ ጣት ያደክማል ማለት ነው። የሚጠቀሙበትን የአማርኛ መጻፊያ ሻጩ እንዲጭን ያስፈቅዱ፤ ኪማን በማክም በዊንዶውስም ይሠራል። ከዚያ ሳያቋርጡ 5 ደቂቃ ይጻፉ። ቁልፉ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሚወርድ ከሆነ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ይለምደዋል። ከዚያ በታች ሲሆን የጣት ጫፍ ከሥር ያለውን ብረት መምታት ይጀምራል፤ ሕመሙ የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ሺፍትን በግራም በቀኝም ይሞክሩ፤ “ጸ”ን ከ“ሰ”፣ “ጠ”ን ከ“ተ” የሚለየው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

ስክሪኑን በፎቶ አይፈትኑት፤ ሻጭ የሚከፍተው ፎቶ ሁሉ ያምራል። የአማርኛ ጽሑፍ በ9 ነጥብ መጠን ይክፈቱና “ጩ”ን ከ“ጪ”፣ “ኝ”ን ከ“ን”፣ “ቋ”ን ከ“ቃ” ሳያፈጡ መለየትዎን ይዩ። ፊደላችን በትንሿ ጭረት የሚለይ ስለሆነ የነጥብ ጥግግት ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ኤም 2 ላይ በአንድ ኢንች 224 ነጥብ አለ፤ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ርካሽ ቀጭን ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው 1366 በ768 የሚባለው ስክሪን ግን በ13 ኢንች ላይ የፊደሉን እግር ያደበዝዘዋል። ከዚያ ስክሪኑን ወደ መስኮት ወይም ወደ በር ያዙሩት፤ አንጸባራቂ ስክሪን ከ400 ኒት በታች ከሆነ ቀን ላይ የሚያሳይዎ የራስዎን ፊት ነው።

የ2022ቱ ስክሪን አናት ላይ ለካሜራው የተቆረጠ ቦታ አለ። ፊልም ሲያዩ አይረብሽም። የሚረብሸው ብዙ ሜኑ ያለው ፕሮግራም ሲከፍቱና በቀኝ በኩል ብዙ ትናንሽ ምልክቶች ሲደረደሩ ነው፤ የተረፉት ምልክቶች ከቁራጩ ኋላ ይደበቃሉ። ለሥራ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ሰፊ ሜኑ ካለው ሱቁ ውስጥ ከፍተው ይዩት።

መሰኪያዎቹ የት እንዳሉ ይመልከቱ። ኤም 2 ላይ ሁለቱ ዩኤስቢ ሲ እና የቻርጀሩ መሰኪያ በግራ ናቸው፣ በቀኝ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። የተለመደው ፍላሽ ዲስክ በቀጥታ አይገባም፤ የስብሰባ አዳራሽ ፕሮጀክተርም እንዲሁ። ኤችዲኤምአይና ተራ ዩኤስቢ ያለው አንድ ማገናኛ በሒሳብዎ ውስጥ አስቀድመው ይጨምሩ። ውጭ ስክሪን ለሚያገናኝ ሰው ደግሞ አንድ ነገር፦ ኤም 1 እና ኤም 2 ኤር የሚቀበሉት አንድ ብቻ ነው። የ2024ቱ ኤም 3 ክዳኑ ከተዘጋ ሁለት ይቀበላል፤ የ2025ቱ ኤም 4 ክዳኑ ተከፍቶም ሁለት ይሠራል። ሁለት ሞኒተር የግድ ከሆነ ምርጫው እዚህ ላይ ተወሰነ።

ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ንግግር እንጂ ሙዚቃ አያስሰሙት፤ መንቀጥቀጥ ቶሎ የሚታወቀው በሰው ድምፅ ነው። ማይክራፎኑን ደግሞ አንድ ደቂቃ ቀድተው ያዳምጡ።

ሙቀት፦ የመጀመሪያው ደቂቃ ያታልላል

ማራገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ሙቀቱን የሚያወጣው በራሱ አሉሚኒየም ገላ ነው። ገላው እስኪግል ድረስ ቺፑ በሙሉ ጉልበቱ ይሮጣል፤ ከጋለ በኋላ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ፈተና ሁሉ ለቀጭን ላፕቶፕ ያዳላል። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ያ ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ላፕቶፑ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያረፈና የቀዘቀዘ ይሁን። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ አልጋና ብርድ ልብስ ላይ የተገኘ ውጤት አይቆጠርም። ሲኔቤንች አር 23 የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱና የሁሉንም ኮር ፈተና አንድ ዙር ብቻ ያስሩጡ፤ ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ ያው ፕሮግራም የ30 ደቂቃ ምርጫ አለው፤ እሱን ያስጀምሩና ሲያልቅ ቁጥሩን ይጻፉ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ። ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ ሙቀቱ ችግር አይደለም። ከ80 እስከ 90 ለቀጭን ዕቃ ደህና ነው። ከ70 በታች ከወረደ ረጅም ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ትልልቅ ካርታ ወይም የሕንጻ ንድፍ ለሚሠራ ሰው አይመከርም። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይል፣ ለድረ ገጽና ለሒሳብ ሰንጠረዥ ግን ይህ ቁጥር ምንም አይለውጥም፤ እነዚህ ሥራዎች ቺፑን የሚቀሰቅሱት ለሰከንዶች ነው።

ዊንዶውስ ላፕቶፕ ከሆነ ይህንኑ ፈተና ቻርጀር ሰክተውም ነቅለውም ይድገሙት። ብዙዎቹ በባትሪ ሲሆኑ ጉልበታቸውን በብዙ ይቀንሳሉ። ማክ ላይ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም።

ፈተናው እየሮጠ ሳለ በእጅዎ ይዳስሱት። ከኪቦርዱ በላይ፣ ከስክሪኑ ሥር ያለው ክፍል ሲግል የተለመደ ነው። መዳፍ የሚያርፍበት ቦታና ጉልበት ላይ የሚያርፈው ሆዱ ግን ለ10 ደቂቃ የማይያዝ ከሆነ በዕለት ሥራ ይመረርዎታል።

የቦታውን ነገር አይርሱ። አፕል ለዚህ ላፕቶፕ የሚሰጠው የሥራ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከፍታው ደግሞ እስከ 3,000 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የሚሸከመውም በዚያው መጠን ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ያካክሰዋል። ሰመራ፣ ድሬዳዋ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙቀቱ ወራት ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራ ሰው ግን ከ35 ዲግሪ በላይ ላይ ነው ያለው፤ ማራገቢያ ያለውን ሞዴል ቢመርጥ ይሻለዋል። ለአቧራማ ቦታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ማራገቢያ የሌለው ዕቃ አየር አይስብም፤ ስለዚህ አቧራ ውስጡ አይከማችም፣ በየዓመቱ ማስጠረግም አያስፈልገውም።

ትንሹ ስቶሬጅና ትንሹ ሚሞሪ ሲገናኙ

የ2022ቱ ኤር በ256 ጊጋባይት ሲገዛ ውስጡ ያለው የስቶሬጅ ቺፕ አንድ ብቻ ነው፤ የኤም 1ዱ 256 ሁለት ነበረው። ሁለት ቺፕ ጎን ለጎን ሲሠራ ፍጥነቱ ይደመራል። ስለዚህ አዲሱ ከአሮጌው የዘገየበት ቦታ ይህ ነው። ብላክማጂክ ዲስክ ስፒድ ቴስትን ጭነው መጠኑን 5 ጊጋባይት አድርገው ያስሩጡት። 256ቱ በሰከንድ 1,500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ 512ቱ ወደ 3,000 ይጠጋል። በ2024 የመጣው ኤም 3 ላይ 256ቱም ወደ ሁለት ቺፕ ተመልሷል።

ይህ ምን ያህል ያሳስባል? ብቻውን ሲታይ ብዙም አያሳስብም። 20 ጊጋባይት ማንበብ በአንዱ 13 ሰከንድ፣ በሌላው 7 ሰከንድ ይፈጃል፤ ፋይሉ የሚመጣው ከፍላሽ ዲስክ ከሆነማ የሚያዘገየው ፍላሹ ነው። ችግሩ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ሲጨመርበት ነው። ሚሞሪው ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ስቶሬጁ ይገለብጣል፤ ያን ጊዜ የስቶሬጁ ፍጥነት የመላው ማሽን ፍጥነት ይሆናል። አንድ መስኮት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀያየር አፍታ የሚቆመው ለዚህ ነው።

የእርስዎ ሥራ እዚያ መድረስ አለመድረሱን አሁን ባለዎት ወይም በተዋሱት ማክ ላይ ይለኩ። በሥራ ቀን የሚከፍቱትን ሁሉ ይክፈቱ፦ 15 የድረ ገጽ ገጾች፣ ቴሌግራም፣ አንድ ሰነድ፣ አንድ የቪዲዮ ስብሰባ። 10 ደቂቃ ይሥሩ። ከዚያ አክቲቪቲ ሞኒተርን ከፍተው ሚሞሪ የሚለውን ይጫኑ። ከሥር ያለው ሥዕል አረንጓዴ ከሆነና ስዋፕ ዩዝድ የሚለው ከ1 ጊጋባይት በታች ከሆነ 8 ጊጋባይት ይበቃዎታል። ሥዕሉ ቢጫ ሆኖ ከቆየና ስዋፑ 3 እና 4 ጊጋባይት ከደረሰ 16 ይግዙ። ሚሞሪውም ስቶሬጁም ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ናቸው፤ በኋላ የሚጨምርልዎ ጠጋኝ አያገኙም። አፕል ራሱ ከጥቅምት 2024 ወዲህ 8 ጊጋባይቱን ትቶ መነሻውን 16 አድርጎታል። በተመሳሳይ ዋጋ 8 እና 256 የሆነውን አዲስ ኤም 2 ከመግዛት 16 ጊጋባይት ያለውን ኤም 1 ያገለገለ ማግኘት ይሻላል፤ ስክሪኑና ካሜራው ቢቀርም።

ባትሪ፦ የሰዓቱን ተስፋ ትተው ዋቱን ያስሉ

የኤም 2 ወረቀት 18 ሰዓት ቪዲዮ፣ 15 ሰዓት ድረ ገጽ ይላል። እነዚህ የተለኩት በተመጠነ ብርሃንና በአንድ ዓይነት ሥራ ነው። የራስዎን ቁጥር ለማግኘት ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ባትሪውን 100 በመቶ ይሙሉ፤ የስክሪኑን ብርሃን በሚመችዎ ልክ ያድርጉና አይነካኩት፤ የተለመደ ሥራዎን ለ2 ሰዓት ይሥሩ። ስንት በመቶ እንደወረደ ይዩ። 14 በመቶ ወረደ እንበል። 52.6 ዋት ሰዓት በ0.14 ሲባዛ 7.4 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለ2 ሰዓት ሲካፈል 3.7 ዋት ይሆናል። 52.6ን ለ3.7 ያካፍሉ፦ 14 ሰዓት። ቀጥሎ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ ለብቻው ይለኩ። 12 በመቶ ከወረደ 6.3 ዋት ነው፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። ይህ ስሌት ጥቅሙ ላፕቶፖችን ማወዳደሩ ነው፦ ባትሪው ትልቅ ሆኖ ዋት የሚበላ ዕቃና ባትሪው ትንሽ ሆኖ ቆጣቢ የሆነ ዕቃ በመቶኛ ብቻ አይለዩም።

ሌሊቱን ክዳኑን ዘግተው ሳይሰኩ ያሳድሩት። ጠዋት ከ3 በመቶ በላይ ከጎደለ ክዳኑ ተዘግቶም የሚሠራ ነገር አለ። ማክ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የተጫነ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ቀጫጭኖች ላይ ግን የእንቅልፍ አሠራሩ ራሱ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ የሚግሉትም እነዚያ ናቸው። ቦርሳ ውስጥ የጋለ ላፕቶፕ ካገኙ ይመልሱት።

መብራት በሚጠፋበት ቤት

በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ መሆኑ ለእኛ ትልቁ ትርፍ ነው። ጄኔሬተር ሳይነሳ በፓወር ባንክ ይሠራል፤ ግን ማንኛውም ፓወር ባንክ አይደለም። በዩኤስቢ ሲ በኩል ቢያንስ 30 ዋት መስጠት አለበት፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል። 5 ቮልት ብቻ የሚሰጠው የስልክ ፓወር ባንክ ላፕቶፑ ክፍት ከሆነ ባትሪው እንዳይወርድ ይዞ ቢያቆየው ነው። የመጠኑ ሒሳብም እንዲህ ነው፦ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ 60 ገደማ ይደርሳል። አንድ ኤም 2 ኤርን አንድ ጊዜ ይሞላል፣ ጥቂትም ይተርፋል። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነም በእጅ ቦርሳ አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል።

ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከአሜሪካ የመጣም ቢሆን ትራንስፎርመር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሹካውን መቀየር ብቻ ነው፤ የአፕል ቻርጀር ሹካው ተንሸራትቶ ይወጣል፣ ክቡን ባለ ሁለት ጥርስ ብቻ ገዝተው ይተኩበት። ልል አስማሚ ደራርቦ መሰካት ብልጭታ ያመጣል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ሲመለስም ለጥቂት ደቂቃ ይታገሡ፤ ቮልቴጁ የሚዘለው መብራቱ በተመለሰባት ቅጽበት ነው።

“ስላይትሊ ዩዝድ” ሲባሉ

ከውጭ በሻንጣ የመጣ ላፕቶፕ ላይ ከጭረት ይልቅ የሚያስፈራው የተቆለፈ መሆኑ ነው። በመጀመሪያ ሆዱ ላይ በደቃቅ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ያንብቡ፦ ኤ2681 ከሆነ ባለ 13 ኢንቹ ኤም 2፣ ኤ2337 ከሆነ ኤም 1፣ ኤ3113 ከሆነ ኤም 3 ነው። ኤም 2 እና ኤም 3 በመልክ ስለማይለዩ ቁጥሩን ሳያዩ ዋጋ አይነጋገሩ።

ከዚያ ሻጩ ውስጡ ያለውን ሁሉ ፊትዎ እንዲሰርዝ ይጠይቁ። ሲስተም ሴቲንግስ፣ ጄነራል፣ ትራንስፈር ኦር ሪሴት ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ይሰርዛል። ተነስቶ እንደ አዲስ ሲጀምር የግድ ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙት፤ የስልክዎ ሆትስፖት ይበቃል። የሌላ ሰው አፕል አካውንት የይለፍ ቃል ከጠየቀ ዕቃው የተቆለፈ ነው። ሪሞት ማኔጅመንት የሚል ገጽ ከመጣ ደግሞ ንብረትነቱ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ነው፤ በርቀት ሊዘጋ ይችላል። አንዳንድ ሻጭ ይህን ገጽ ለማለፍ ያለ ኢንተርኔት ያስጀምረዋል። ሲገዙት ጤነኛ ይመስላል፤ አንድ ቀን ሰርዘው እንደ አዲስ ሲያስጀምሩት ገጹ ይመለሳል። ሻጩ “ኔትወርክ አሁን የለም፣ ቤትህ ትሞክረዋለህ” ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይሂዱ።

የባትሪውን ዕድሜ በሲስተም ሪፖርት፣ ፓወር የሚለው ውስጥ ያዩታል። ሳይክል ካውንት የሚለው ቁጥር ባትሪው ስንት ጊዜ ሞልቶ እንዳለቀ ይናገራል፤ አፕል የሚያስቀምጠው ጣሪያ 1,000 ነው። ከ300 በታችና ማክሲመም ካፓሲቲው ከ88 በመቶ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ሳይክሉ 20፣ አቅሙ ግን 84 ከሆነ ለረጅም ጊዜ ተሰክቶ በሙቀት የኖረ ነው፤ ዋጋውን በአዲስ ባትሪ ልክ ያስቀንሱ።

ጥቁር ሰማያዊው፣ ሚድናይት የሚባለው ቀለም የጣት አሻራ ይይዛል፤ በዩኤስቢ መሰኪያዎቹ አፍ ላይም ቀለሙ ይነሳና ነጩ ብረት ይታያል። ይህ በመሰካትና በመንቀል የሚመጣ ስለሆነ ከአጠቃቀሙ ብዛት ጋር ይነበባል። “አልተነካም” የተባለ ሚድናይት አፉ ከነጣ፣ ተነክቷል።

በመጨረሻ ስክሪኑን ነጭ፣ ከዚያም ጥቁር ገጽ አድርገው ከዳር እስከ ዳር ይፈልጉት። ቀጭን ክዳን ውስጥ ያለው መስታወት ከኪቦርዱ ጋር ያለው ርቀት ከወረቀት ብዙ አይበልጥም፤ ኪቦርዱ ላይ የቀረች የስኳር ቅንጣት ወይም የተጣበቀ የካሜራ መሸፈኛ ክዳኑ ሲዘጋ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። አፕል ከ0.1 ሚሊሜትር የወፈረ መሸፈኛ እንዳይደረግ ያስጠነቀቀው ለዚሁ ነው። ካሜራው ሥር ወይም ከታች በኩል የፀጉር ያህል የቀጠነች መስመር ካዩ፣ ስንጥቁ ዛሬ ባይሰፋም ነገ ይሰፋል። ከገዙ በኋላም ከመዝጋትዎ በፊት ኪቦርዱን በደረቅ ጨርቅ አንዴ ጠረግ ያድርጉት፤ መሸፈኛውንም ይላጡት።